የኮንያ ሕግ፣ የመካነ ሰላም አጥር

ሱሀይላ አሕመድኑር ከሀገር የወጣችው ሐኪም ለመሆን ነበር። በወሎዋ መካነ ሰላም ከተማ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ለቱርክ ስኮላርሺፕ ስታመለክት አንደኛ ምርጫዋን ሕክምና፣ ሁለተኛውን ፋርማሲ አደረገች፤ ሦስተኛው ባዶ እንዳይቀር ብቻ ሕግ ብላ ሞላችበት። የደረሳት ሦስተኛው ነው። ወሬውን የሰማች ዕለት እህል አልወርድ ብሏት ዋለች።

አባቷ አሕመድኑር ግን ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ስንዴና ባቄላ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከቀበሌና ከፍርድ ቤት በር ላይ ቆሞ ስሙ እስኪጠራ የጠበቀ ሰው ነው።

«ሐኪምማ ሞልቷል» አላት። «እኛ ያጣነው አፍ ነው። ሂጂ አፍ ሁኚን።»

ይቺ ንግግር እሷን አላጽናናቻትም። አባቷ ግን ለገበያተኛውም፣ ለመስጊዱም፣ ለጎረቤቱም እየደጋገመ ተናገራት። ሱሀይላ አውሮፕላን ሳትሳፈር ሀገሩ ሁሉ ጠበቃ አድርጓት ቆየ።

የደረሰችበት ከተማ ኮንያ ነው። ብርዱ አላስፈራትም፤ የሀገሯን ደጋ፣ የአቀስታን ውርጭ የምታውቅ ልጅ ነች። የመጀመሪያው ዓመት የቋንቋ ትምህርት ነበርና እሱም ያን ያህል አልከበዳትም። የቱርክኛ ግስ እንደ አማርኛው ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሌሎቹ የውጭ ተማሪዎች በዚያ ሲሰቃዩ ለእሷ የእናቷ ቋንቋ ሥርዓት ሆኖ ቀለላት። በዓመቱ መጨረሻ ገበያ ወጥታ ተከራክራ የምትገዛ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከሽማግሌዎች ጋር የምታወራ ሆነች። ሕግ ፋኩልቲ ስትገባ ግን ያ ሁሉ ቱርክኛ የሕፃን ጨዋታ መሆኑ ገባት።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ያህል ተማሪ ነበር። መምህሩ ሰሌዳ አይነካም፤ ማይክሮፎኑን ይዞ ያለ ዕረፍት ያወርደዋል። ፈተናው ደግሞ ታሪክ ነው፤ አንዱ መኪናውን ለሌላው ይሸጣል፣ ገዢው ለሦስተኛ ሰው ያከራያል፣ ተከራዩ ያጋጨዋል፤ ማን ለማን ምን ይጠየቃል? ሱሀይላ መልሱን ታውቀዋለች። ግን ጥያቄውን አንብባ እስክትረዳው ግማሹ ሰዓት ያልቃል፣ የቀረው ግማሽ መልሷን ወደ ሕግ ቋንቋ ስታገላብጥ ያልፋል። በመጀመሪያው ፈተና ከመቶ ሠላሳ ስምንት አመጣች። መካነ ሰላም እያለች ከክፍሏ አንደኛ እንጂ ሁለተኛ ወጥታ አታውቅም ነበር። ውጤቱን ስልኳ ላይ አይታ ዶርም ገብታ ብርድ ልብሷን ተከናነበች።

ዶርም አብራት የምትኖረው ልጅ ኤሊፍ ትባላለች፤ እሷም የሕግ ተማሪ ነች፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። እናቷ ከገጠር የምትልከውን አይብና ወይራ ሳታካፍላት በልታ አታውቅም። ነገር ግን ከሱሀይላ ጋር ስታወራ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተተች ነው።

«ኤሊፍ፣ እኔ እኮ እሰማለሁ» አለቻት አንድ ቀን። «የማልችለው በፍጥነት መጻፍ ነው።»

«አውቃለሁ የእኔ ውድ» አለች ኤሊፍ፣ ያንኑ ያህል ጮክ ብላ፣ ያንኑ ያህል እየጎተተች።

ኤሊፍና ጓደኞቿ አብረው ሲያጠኑ አንድ ጊዜ ጠሯት። ሱሀይላ አንድ ሐሳብ ስትናገር ሁሉም በአክብሮት ዝም ብለው አዳመጡ፤ ስትጨርስ ፈገግ አሉላት፤ ከዚያ እሷ ምንም እንዳልተናገረች ሁሉ ከተዉበት ቀጠሉ። ሁለተኛ አልሄደችም።

ሌላው ነገር ደግሞ የሃይማኖቷ ጉዳይ ነው። ሻሽ አስራ ሲያዩአት፣ አሰላሙ ዓለይኩም ስትላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ወዲያው ጥያቄው ይከተላል፦ «ማሻአላህ! ከመቼ ጀምሮ ነው የሰለምሽው?» ዳቦ ቤቱ፣ ታክሲ ነጂው፣ የዶርሙ ጥበቃ፣ ሁሉም። መጀመሪያ መጀመሪያ ስለ ወሎ፣ እዚያው ስላለው ስለ ቦረና፣ ስለ አያት ቅድመ አያቶቿ በትዕግሥት ታስረዳ ነበር። በኋላ ሰለቻት። አንድ ቀን ዳቦ ሻጩ ሲጠይቃት «ትናንት ከሰዓት» ብላው ወጣች። ሰውየው ከልቡ አምኖ እጁን ለዱዓ ዘረጋላት።

ከሀገሯ ልጆች ጋር መሆንም እንዳሰበችው አልሆነም። ለዒድ በዓል ከተማው ውስጥ ያሉ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ሲሰበሰቡ አንዱን እግሩን ረግጣ «አፉ በለኝ» አለችው፤ በሀገሯ አነጋገር ይቅር በለኝ ማለቷ ነው። የአዲስ አበባ ልጆች ሳቁ። «እስኪ ድገሚው!» አሏት። ከዚያ ወዲህ ባገኟት ቁጥር «አፉ በይኝ» ማለት ሰላምታቸው ሆነ። በክፋት አልነበረም፤ እሷ ግን አፏን ገራች፤ እንደ እነሱ መናገር ጀመረች። ወደ ቤት ስትደውል ደግሞ እናቷ፣ «ምነው ልጄ፣ ንግግርሽ የእንግዳ ሰው ሆነብኝ» አለቻት። እዚያም እዚህም ቋንቋዋን የሚያርማት ሰው አላጣችም።

አንድ ቀን ብቻ ልቧ ሞልቶ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ አዛውንት ፕሮፌሰር በአሮጌው ቱርክኛ «ሑስኑኒየት» የሚል ቃል ጥለው ትርጉሙን ጠየቁ። ወጣቶቹ ቃሉን አያውቁትም። ሱሀይላ ግን መድረሳ የቀራች ልጅ ናት፤ «ኒያ» የሚለውን ቃል፣ የልብ ሐሳብ ማለት መሆኑን፣ በሀገሯ ክርስቲያኑም እስላሙም ያውቀዋል። እጇን አውጥታ፣ «ያማረ ኒያ፣ ያለ ተንኮል የተደረገ ነገር» አለች። ሦስት መቶ ራስ ወደ እሷ ዞረ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው በአድናቆት አዩአት።

«ከየት ነሽ ልጄ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«ማሻአላህ! ማሻአላህ! ከመቼ ጀምሮ ነው የሰለምሽው?»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሱሀይላ ፈገግ አለች፣ ተቀመጠች፣ የቀረውን ክፍለ ጊዜ አንድ ቃል አልሰማችም።

በዚህ መሀል ከቤት ስልክ መምጣቱ አልቀረም፤ ኔትወርክ ሲኖር ማለት ነው። ለወራት የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። ሲመጣ ደግሞ የአባቷ ስልክ የመንደሩ ሁሉ ይሆናል። ባሏ ጥሏት የሄደባት፣ ልጁ በመኪና የተገጨበት፣ ቀጣሪ ያባረረው፣ ሁሉም በአሕመድኑር ስልክ ሕግ ይጠይቃታል። እሷም ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበራት፦ «እኔ የምማረው የቱርክን ሕግ ነው። የእኛን አላውቀውም።» ጠያቂዎቹ ይህን ትሕትና ነው የሚሉት። አባቷ ደግሞ ይከፋዋል። «እንዲያው ለሰው አንድ ነገር በዪ እንጂ። ታሳፍሪኛለሽ» ይላታል።

ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ አባቷ ደወለ። ድምፁ የወትሮው አልነበረም።

«ሙሐመድአሚን መንገዳችንን ዘጋው» አላት።

ሙሐመድአሚን ጎረቤታቸው ነው፤ ከአባቷ ጋር አብሮ አደግ። ከሱሀይላ ቤት ወደ ዋናው መንገድ የሚወጣው የእግር መንገድ በእሱ መሬት ጫፍ ያልፋል፤ ሰውም አህያም በዚያ ሲመላለስ ኖሯል። አሁን ግን ሴት ልጁ አሚራ ከጅዳ ተመልሳ አዲስ ቤት አሠርታ ዙሪያውን በብሎኬት አጥራዋለች። መንገዱ አጥሩ ውስጥ ቀረ።

አሚራ የሱሀይላ የልጅነት ጓደኛ ነች። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋል። አሚራ ከአሥረኛ ወደ ዓረብ ሀገር ሄደች፣ ሱሀይላ ቀጠለች።

ሱሀይላን መጀመሪያ ሊሰማት የሚገባው ሐዘን ነበር። የተሰማት ግን ደስታ ነው። ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች! በዚያው ሴሚስተር የንብረት ሕግ ተምራ፣ መውጫ መንገድ ያጣ ባለመሬት ከጎረቤቱ መሬት ላይ መተላለፊያ መጠየቅ እንደሚችል የሚናገረውን ክፍል አጥንታ፣ በእሱ ላይ ሰማንያ ሁለት አምጥታ ነበር። የሚያውቅ ሰው ድምፅ ይዛ አስረዳችው፤ መብቱ እንደሆነ፣ ተገቢውን ካሳ ከፍሎ በፍርድ ቤት ማስከፈት እንደሚችል፣ ሙሐመድአሚን እምቢ የማለት ሥልጣን እንደሌለው።

«ይኼ ታዲያ የቱርኩ ነው የእኛው?» አላት አባቷ።

እዚህ ላይ የወትሮውን መልስ መስጠት ትችል ነበር። ለሦስት ዓመት ግን ምንም አላውቅም ስትል ቆይታለች።

«እንዲህ ያለው ሕግ የትም አንድ ነው አባዬ» አለችው።

የማታውቀው ነገር ነበር። ጋሽ ንጉሡ የሚባሉ፣ ሁለቱም ወገን የሚያከብራቸው ሽማግሌ ጉዳዩን ይዘው ከዳር ሊያደርሱት ነበር። አሚራ ከአጥሩ በታች፣ ቦዩን ታክኮ አዲስ መንገድ ልታስደለድል፣ አሕመድኑርም አሮጌውን ሊተው ተቃርበው ነበር። በቀጣዩ ቅዳሜ ሲቀመጡ አሕመድኑር ተነሥቶ ቆመ።

«ልጄ ሕጉን ነግራኛለች» አለ። «መብት አለኝ። ከፈለግሁ ፍርድ ቤት ያን አጥር ያስፈርሰዋል።»

ሙሐመድአሚን ከተቀመጠበት ተነሣ።

«አሕመድኑር፣ አንተ እኔን ልትከስ?» አለና ጋቢውን አንሥቶ ወጣ። ጋሽ ንጉሡ ተከትለው ቢለምኑትም አልተመለሰም። የቦዩ ዳር መንገድም በዚያው ቀረ።

ሱሀይላ ይህን የሰማችው ከአሚራ ነው። በስልኳ የድምፅ መልእክት ደረሳት፤ የጓደኛዋን ድምፅ ስትሰማ ከስንት ዓመቷ ነው።

«ሱሁ፣ እኔ አምስት ዓመት የሰው ቤት ጠርጌ ነው ያንን አጥር ያቆምኩት። አንቺ የሰው ሀገር መጽሐፍ አንብበሽ በስልክ ልታፈርሺው? አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ መስጊድ እንኳ ካባትሽ ጎን አልቆመም። ደስ ይበልሽ።»

ሱሀይላ መልስ ልትቀዳ ሞከረች። ጀምራ ታጠፋዋለች፤ እንደገና ትጀምራለች፤ መልሱ ወይ የተከሳሽ፣ ወይ የመምህር ሆኖ ይወጣል። በማግስቱ ለመላክ ወሰነች። በማግስቱ ኔትወርኩ ጠፋ።

የዚያ ዓመት ፈተና አልቀናትም። ሁለት ትምህርት ወደቀች። ኤሊፍ ልታጽናናት፣ «እንኳን አንቺ እኛም ወድቀናል እኮ» አለቻት፣ ጮክ ብላ፣ እየጎተተች። ሱሀይላ ትራሱን ወረወረችባት። ኤሊፍ ደንግጣ አየቻትና ሳቀች፤ ከዚያ በፍጥነት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው በፍጥነት፣ ዕብድ ነሽ አለቻት። ከዚያ ወዲህ በትክክል ማውራት ጀመረች።

በክረምቱ ሱሀይላ ቅዳሜና እሑድ ሬስቶራንት ሳህን እያጠበች ለቲኬት ያጠራቀመችውን አውጥታ ሀገሯ ገባች። ከደሴ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ከአቀስታ አለፍ ብሎ ጭቃ ስለያዘው ተሳፋሪው ወርዶ ገፋ። ቤት ስትደርስ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነበር። አባቷን ያገኘችው አህያውን ይዞ በቦዩ ውስጥ፣ በድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ ሲወጣ ነው።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ደህና ነኝ» አላት ሳትጠይቀው።

በሁለተኛው ቀን ሃሩንን ፍለጋ ከተማ ወጣች። ሃሩን መካነ ሰላም አብሯት የተማረ ልጅ ነው፤ እዚሁ ሀገር ውስጥ ሕግ ተምሮ መካነ ሰላም ላይ ጥብቅና ጀምሯል። ጉዳዩን ልታስረዳው ስትጀምር ቃሉ ጠፋት። በቱርክኛ «ኢርቲፋክ» የሚሉትን ነገር በአማርኛ ምን እንደሚሉት አታውቅም። እጇን እያወናጨፈች፣ «አንዱ መሬት ለሌላው መሬት የሚሰጠው ... መብት ... እንዲያልፍበት» አለች።

«የንብረት አገልግሎት» አላት ሃሩን።

ሃሩን አልሳቀባትም፤ ቢስቅባት ይሻላት ነበር። ቀስ ብሎ አስረዳት። የገጠር መሬት የራሱ ሕግ አለው፤ መሬት እዚህ የግል ንብረት ሳይሆን ይዞታ ነው፤ መጀመሪያ የቀበሌው መሬት አስተዳደር መንገዱ የጋራ መሆን አለመሆኑን ማየት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው ፍርድ ቤት። የእሷ መልስ ሙሉ በሙሉ ስሕተት አልነበረም፤ ሙሉ በሙሉ ትክክልም አልነበረም።

«እንክሰስ ካላችሁ እከሳለሁ» አላት። «ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ግን ሱሀይላ፣ አሚራን አናገርሻት?»

አላናገረቻትም። ሦስት ቀን ሙሉ በአጥሩ ሥር አልፋለች፤ በሩን ቀና ብላ አላየችውም።

ከሃሩን ቢሮ ስትመለስ በቀጥታ ሄዳ አንኳኳች። አሚራ ራሷ ከፈተች። ጠይማለች፣ ወፍራለች፣ በሁለት እጇ ጀርባ ላይ የተቃጠለ ጠባሳ አለ። ሳሎኑ በሴራሚክ ተነጥፏል፤ ሶፋው ከላስቲኩ ገና አልወጣም።

«ጠበቃዋ መጣች» አለች አሚራ።

«ጠበቃ አይደለሁም። ገና አንድ ዓመት ይቀረኛል፤ ሁለት ትምህርት ደግሞ ወድቄያለሁ።»

አሚራ ይህን አልጠበቀችም። «ተቀመጪ» አለቻት።

«ከመንደሩ ሰው ጋር ምን አጣላሽ?» አለች ሱሀይላ። «መንገዱን ለምን አጠርሽው? መሬት አልጠበባችሁ።»

አሚራ ወደ በሩ ነው ያየችው።

«ጅዳ የምተኛበት ክፍል ከውስጥ የሚቆለፍ በር አልነበረውም» አለች። «አምስት ዓመት። የፈለገ ሰው ይገባል። እዚህ ስገባ ለአባቴ ያልኩት አንድ ነገር ነው። አንድ ቁልፍ ይኑር፣ ከእኔ በቀር ማንም የማይዘው። ሰው ሁሉ በግቢዬ መሀል እያለፈ እንዴት ልተኛ?»

ሱሀይላ በቱርክኛም በአማርኛም ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አልተማረችም። እያለቀሰች «አፉ በይኝ» አለቻት፤ ለዓመታት ስትሸሽገው የኖረችው አነጋገር ሳታስበው ወጣ። አሚራ አላለቀሰችም፤ ግን የሱሀይላን እጅ ይዛ ቆየች።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ንጉሡ እንደገና አስቀመጧቸው። ሙሐመድአሚን መጀመሪያ ሱሀይላን «ሰላም ሳትዪኝ ሦስት ቀን አለፍሽ» ብሎ ወቀሳት፤ ጉልበቱን ስማ ይቅርታ ጠየቀችው። የቦዩ ዳር መንገድ አሁን አይሆንም፤ ዳሩን የክረምቱ ጎርፍ ወስዶታል። ስለዚህ አሚራ አጥሯ ላይ ጠባብ የብረት በር ልታስወጣ ተስማማች፤ አህያ የሚያሳልፍ። ቁልፉ ግን ከእሷ ጋር ይሆናል። አሕመድኑር ሲፈልግ ያንኳኳል።

ሱሀይላ ስምምነቱ ይጻፍ አለች። ነገ አሚራ ባትኖርስ? ቤቱ ቢሸጥስ? በሩ መብት ነው ወይስ ችሮታ?

«ወረቀት ካመጣሽ በሩም ይቀራል» አለ ሙሐመድአሚን። የገዛ አባቷም «ተይ ልጄ፣ እንዳታበላሺው» አላት። ጋሽ ንጉሡ መረቁ፣ ሁሉም አሚን አለ፣ ነገሩ አለቀ። ሱሀይላ ነገሩ እንዳላለቀ ታውቃለች። ማታ አባቷ ራቱን ሳይጨርስ፣ «በኖርኩበት መንገድ እያንኳኳሁ» ብሎ ሲያጉረመርም ሰማችው። 

ኮንያ ተመልሳ የወደቀችባቸውን ሁለቱንም አለፈች፤ በቀጣዩ ዓመት ተመረቀች። ከቤተሰቧ ማንም አልመጣም፤ የኤሊፍ እናት ከገጠር መጥታ ሁለቱንም አንድ ላይ አቀፈቻቸው። የተማረችው ሕግ ግን ሻንጣ ውስጥ ገብቶ የሚሻገር ነገር አልሆነም። ሀገር ውስጥ ለመሥራት ዲግሪው አቻ ግምት ማግኘት አለበት፤ ያልተማረቻቸውን የኢትዮጵያ ሕጎች አጥንታ የጥብቅና ፈተና ማለፍ አለባት። ማስረጃዋን ይዛ ደሴና አዲስ አበባ ተመላልሳለች። ይህ ጎደለ ይሏታል፤ ያን ስታሟላ በጸጥታው ችግር መንገድ ይዘጋል፤ መንገድ ሲከፈት ቀኑ አልፏል።

አሁን መካነ ሰላም ሃሩን ቢሮ ትቀመጣለች። አቤቱታ ታረቃቅቃለች፤ ስሟ ግን አይሰፍርበትም፣ ችሎትም አትቆምም። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምራ ታነባለች፤ የተጣመመ አማርኛው ያናድዳታል፤ አንዳንዴ መልሱ በቱርክኛ ቀድሞ ይመጣባትና እሱን ከጭንቅላቷ ለማውጣት ትታገላለች። አባቷ ለሰው ሲያስተዋውቃት ዛሬም «ጠበቃዋ ልጄ» ነው የሚለው። «ገና ነኝ አባዬ» ትለዋለች። አይሰማትም።

ባለፈው ሣምንት አንድ ሰው ከገጠር መጣ። የእህቱን የውርስ ጉዳይ ቆሞ እስኪያልበው ድረስ ተረከላት። ስትሰማው ቆይታ፣ ሃሩን ከችሎት እስኪመለስ እንዲጠብቅ ነገረችው።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ ውጭ ሀገር የተማርሽው?» አላት ሰውየው፣ ቅር ብሎት።

«እኔ ነኝ» አለችው። ወንበሩን ወደ እሱ ገፋችለት። «ቁጭ በሉ፤ ሃሩን አሁን ይመጣል።»